የፎገራ ልጆች ሆይ፣ ለሐሳብ ደቦ ውጡ

ስልካችሁን ለአንድ አፍታ ኪሳችሁ ክተቱና ስሙኝ። ወረታ ያላችሁ ስሙኝ። ናበጋ፣ ሽና፣ ሻጋ፣ ዋገጠራ ያላችሁ ስሙኝ። እንጀራ ፍለጋ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የወጣችሁ፣ ባሕር ማዶ የተሻገራችሁ የፎገራ ልጆችም ስሙኝ። ለነገ የማይባል ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎቼ «ሩዝ በቤታችሁ እንዴት እንደሚመረት ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። ለፎገራ ልጅ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። በማግስቱ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቀጥ አለ። ልጁ ችግኙ በመደብ ላይ እንደሚፈላ፣ በተራራ ወገብ ላይ በተሠራ እርከን በመስመር እንደሚተከል፣ ጭቃው በጎሽ እንደሚታረስ ጽፏል። በጎሽ! ፎገራ ላይ!

ጠራሁት። «አባትህ በምን ያርሳል?» አልኩት።

«በበሬ።»

«ሩዙን መቼ ትዘራላችሁ?»

«ሰኔ ላይ ነው ቲቸር፤ መሬቱ ውሃ ሳይቋጥር እንበትነዋለን። ካዘገየን ውሃው ይቀድመናል። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፤ ውሃ ውስጥ ቆመን ነው የምናርመው። ደግሞ ሩዝ የሚመስል ሣር አለ። እናቴ ገና በቅጠሉ ትለየዋለች፤ እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ሩዙን እየነቀልኩ ስንቴ ተቆጣችኝ! ከዚያ ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ ርጥበቱ ሳያመልጠን ጓያውን ውስጡ እንበትናለን።»

ቆሜ ሰማሁት። እንዲህ ያለ መልስ ከመጽሐፍም አላገኘሁም። «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ስልኩ የጻፈው የተሻለ መስሎኝ ነው» አለኝ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይህች ቃል ናት። ለዚህ ጥሪ ያስነሳችኝም እሷው ናት። እግሩ በፎገራ ጭቃ የበሰበሰ ልጅ፣ እጁ ሩዝ ያረመ ልጅ፣ ፎገራን አይቶ የማያውቅ፣ ለተጠየቀው ሁሉ በስልክ መልስ የሚጽፍ ማሽን ከእኔ ይሻላል ብሎ አመነ። ሰነፍ ልጅ አይደለም። የራሱን ሐሳብ እንዲንቅ ያስተማርነው እኛ ነን፤ እኛው ደግሞ መመለስ አለብን።

ወገኖቼ፣ ሩዙን እንዴት እንደተቀበልነው አስታውሱ።

ሩዝ የአያቶቻችን እህል አልነበረም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ይዘውት መጡ፤ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያችን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ባለሙያዎቹ ሄዱ። ማኅበራቱ ፈረሱ። ሩዙ ግን ቀረ።

ማን አስቀረው? ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ «ሌላውን እህል የሚገድለው ውሃ ይህን ያበላዋል» ብሎ ያሰላ ገበሬ ነው ያስቀረው። ዱቄቱን ከጤፍ እያዋሐደች፣ አንዴ ሲደርቅባት አንዴ ሲላቀቅባት፣ ምጣዷ ላይ ደጋግማ የሞከረች እናት ናት ያስቀረችው። ዛሬ የሩዝ እንጀራ እንበላለን፣ የሩዝ ጠላ እንጠጣለን። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ወረታ ላይ ተተክሏል። እንግዳውን ነገር ቀምሰን፣ ፈትነን፣ ለክተን ነው የእኛ ያደረግነው።

ስልኩንስ? ስልኩን ፈትነነዋል? ስልኩን ለክተነዋል? አልለካነውም። እሱ ግን ቀናችንን፣ ሌሊታችንን፣ የልጆቻችንን ዓይን ለክቶ ይዞታል።

የፎገራን ላም ደግሞ አስታውሱ። በወተቷ አገር ያወቃት ላም ናት። ሜዳው ማሳ ሲሆን ግጦሹ ጠበበ፤ ከሌላ ዝርያ ጋር ተዳቀለች፤ ንጹሕ ዘሯ እያነሰ ሄደ። «የፎገራ ላም ትጥፋ» ብሎ የፈረደ ሰው የለም። በየዓመቱ ጥቂት፣ በየቤቱ ጥቂት ስትጎድል ሁላችንም ዝም ብለን አየን። አሁን ዘሯን ለማቆየት የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይደክማል።

ለላሟ አንዳሳ አለላት። ለማሰብ ችሎታችን አንዳሳ የት አለ? በየቤቱ ጥቂት ሲጎድል ዝም ብለን ልናይ ነው?

ስልክ ጠላት ነው አላልኩም፤ እኔም በቴሌብር እከፍላለሁ፣ ከሩቅ ዘመድ ጋር እገናኝበታለሁ። ገበሬው በ8028 ደውሎ ስለ ሰብሉ የባለሙያ ምክር መስማቱ መልካም ነው። ግን ከመደወሉ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን ያየ፣ ሥሩን የነካ ገበሬና ከቤቱ ሆኖ የደወለ ገበሬ ከአንዱ ምክር እኩል አይጠቀሙም። መጀመሪያ ማየት፣ መጀመሪያ ማሰብ፣ ከዚያ መጠየቅ! ይህን ቅደም ተከተል ነው አደራ የምላችሁ።

ገበያ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሽንኩርት ተራ ቆሜ ነበር። አንድ ወጣት 65 ኪሎ፣ ኪሎውን በ38 ብር ሸጦ ሒሳቡን ሊያወጣ ሲል ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ግራ ገባው፤ ገዥው ይጠብቃል፤ ልጁ ዙሪያውን ያያል። አጠገቡ ነጭ ሽንኩርት የዘረጉ እናት ነበሩ።

«ምን ሆነሃል ልጄ?»

«ስልኬ ጠፋብኝ እማማ፣ ሒሳቡ...»

«በ40 ብር ብትሸጠው ስንት ይሆናል?»

ትንሽ አሰበ። «2600።»

«በኪሎ 2 ብር አብዝተናል። 65 ሁለት ጊዜ ስንት ነው?»

«130።»

«እሱን አንሣለት።»

«2470!» አለና ፊቱ በራ። ያ ልጅ ማስላት ይችል ነበር። ከችሎታው ጋር ያጣላው አንድ ባዶ ባትሪ ነው። ስንቶቻችን ነን ችሎታችን ውስጣችን እያለ ባትሪ የምንለምነው?

ይህ በአንድ ገበያ የሚያልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ አልጮህም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ አገር አይቷል። መልስ በስልክ መቀባበል ከዚያ በኋላም አልቆመም። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያለ ስልክ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3.3 ብቻ ሆኑ። ሁሉንም በስልክ ማላከክ ግፍ ነው። ጦርነት ነበረ፣ ኮሮና ነበረ፣ የመጽሐፍና የመምህር እጦት ነበረ፤ በክልላችንም ስንት ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ስንት ልጅ ቤቱ እንደ ቀረ የማታውቁ የላችሁም። ታዲያ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ልጅ እጅ ላይ የቀረው ምንድን ነው? ስልክ ነው። ብቻውን፣ ያለ መምህር፣ ያለ ጠያቂ! ጥሪዬ የሚጣደፈው ለዚህ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ሲዘጋስ ምን ሆንን? የትምህርት ማስታወሻችን ቴሌግራም ላይ ነበር፤ ተቆለፈ። የሰው ልደት፣ የዕቁብ ሒሳብ፣ የመድኃኒት ስም ሁሉ እዚያው ነበር፤ ተቆለፈ። አንድ ማታ ራሴን ጠየቅሁ፦ እኔ ዘንድ የቀረኝ ምንድን ነው? የዚያን ማታ መልሴ አሳፍሮኛል።

ጭንቅላት ባሠሩት ቁጥር የሚፋፋ ነገር ነው። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋን መንገዶች በቃላቸው ያጠናሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አእምሯቸውን በምርመራ መሣሪያ ሲያይ፣ ቦታን ከምናስታውስበት ክፍል የኋለኛው ወገን ከሌላው ሰው ገዝፎ አገኘው። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች 54 ሰዎችን ድርሰት አጻፉ። በዚያው ዓይነት ማሽን፣ በቻት ጂፒቲ የጻፉት በሚጽፉበት ጊዜ የአእምሯቸው ክፍሎች ትስስር ከሁሉም ደክሞ ታየ፤ አብዛኞቹም ገና አሁን ካስረከቡት ድርሰት አንድ ዓረፍተ ነገር በትክክል ጥቀሱ ሲባሉ አቃታቸው። ጥናቱ ጅምር ነው፤ ተሳታፊዎቹም ጥቂት ናቸው። ለእኔ ግን ያ ባለ ጎሹ ልጅ ከጥናቱ ቀድሞ ነግሮኛል።

ደግሞ እኛ ይህን ለማወቅ ለንደን መሄድ አያስፈልገንም። ጋይንት ቤተልሔም ሂዱ፤ የድጓ ምስክር ነው። ዙር አባ ሂዱ፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ነው። ሁለቱም ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የቅኔ ተማሪውን እዩት። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዛፍ ሥር፣ ጥሻ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል። የትናንቱን ይዞ መቆም የለም፤ የጓደኛውን ይዞ መቆም የለም። ወደ መድረሳው ሂዱ፤ ቁርኣንን በቃሉ የሚሐፍዘውን ሕፃን እዩት። እነዚህ ልጆች የእናንተ ልጆች አይደሉም? ከሌላ አፈር ተሠሩ?

አንድ አረጋዊ ቄስ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫውን ሒሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ሲያሰሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ወረቀት የላቸውም፤ ጣቶቻቸው ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ጨመሩ፤ 7518። በ19 ገደፉት፤ 13 ቀረ። አንድ አነሱ፤ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉት አበቅቴው 12 ሆነ። በ19 አባዝተው በ30 ሲገድፉት መጥቅዑ 18 ሆነ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አሉኝ። 12 እና 18፤ ሞልቷል።

ማስረጃውን በውስጡ የያዘ ሒሳብ ማለት ይህ ነው። ስልኩ የሰጣችሁን መልስ በምን ታረጋግጣላችሁ? ስህተቱን ራሱ ይነግራችኋል? አይነግራችሁም። በጎሽ የሚታረስ ፎገራ ሲሰጣችሁም በዚያው አማላይ ቋንቋ ነው። ያ ሩዝ የሚመስለው ሣር ትዝ ይበላችሁ። እሱን የሚለይ ዓይን ከጠፋ ማሳው ሁሉ ሣር ይሆናል።

በሣሩ የሚጎዳው ደግሞ የቤት ሥራ ብቻ ቢሆን በታገሥን! በዚህ በተጨነቀ ዘመናችን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፎቶ፣ የትኛው አገር እንደሆነ የማይታወቅ ቪዲዮ፣ «አስቸኳይ፣ ለሁሉም አድርሱ» እየተባለ ከስልክ ወደ ስልክ ይሮጣል። ወንድም በወንድሙ ላይ እንዲነሣ አንድ ጣት ይበቃል። «ሽልማት ደርሶዎታል» በሚል መልእክት ተታልላ የይለፍ ቁጥሯን የሰጠች እናት የሽንኩርቷን ገንዘብ በአንድ ጀምበር ታጣለች። ሳያስቡ መኖር ገንዘብ ያስከፍላል፤ ደምም ያስከፍላል።

ስለዚህ ተነሡ። ደቦ ነው የምጠራችሁ።

ደቦ የምልበት ምክንያት አለኝ። ማሳህን ብቻህን ብታርም፣ የጎረቤትህ አረም ዘሩን አፍርቶ ይመጣብሃል። ልጅህን ብቻውን ስልክ ብትከለክለው በጓደኞቹ ዘንድ መሳቂያ ይሆናል፤ ተደብቆም ይነካዋል። ሰፈሩ በሙሉ፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ሲያደርገው ግን ሸክሙ ይቀላል። በጥቅምት 2013 እምቦጭን ከጣና ለመንቀል ሕዝብ በዘመቻ የወጣው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሐይቅ እንደማያጸዳ ስላወቀ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ማታ አንድ ሰፌድ አውጡ። ራት ከመቅረቡ በፊት የቤቱ ስልክ ሁሉ ሰፌዱ ላይ ይግባ። የልጆቹ ብቻ እንዳይሆን፤ የእናንተም ይግባ፤ የእናንተ ቀድሞ ይግባ! ተረት የምታውቁ ተረት ንገሩ፣ እንቆቅልሽ የምታውቁ እንቆቅልሽ ጠይቁ። የ1998ቱ ጎርፍ እንዴት እንደመጣ፣ ወንዙ ሲሞላ በምን እንደምታውቁት ንገሯቸው። ይህን ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ክፍል ውስጥ፣ በእጅ ይጻፍ። ልጁ ቤቱ ስላለው ነገር ጠይቁት፤ ማሽን ሊመልሰው የማይችለውን ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ስልኩን ክፈቱና የማሽኑን መልስ ሰሌዳ ላይ አስጽፋችሁ፣ «አረሙን ንቀሉ» በሏቸው። ልጆች ስህተት ሲያገኙ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። እኔ አይቻለሁ።

ተማሪዎች፣ ልጆቼ፣ መልሱን ስልክ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ጻፉ። የተሳሳተም ቢሆን ጻፉት። የራሳችሁ ስህተት ከተዋሳችሁት ትክክል ይልቅ ያስተምራችኋል።

የወረታ ግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች፣ የምርምር ማዕከሉ ወጣቶች፣ ደብተር ይዛችሁ ወደ ገበሬው ውረዱ። ስለ አረሙ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አፈሩ የሚያውቀውን በአማርኛ ጻፉት። እነዚህ ማሽኖች የሚያወሩት ሰው ጽፎ ያስቀመጠውን ነው፤ ስለ ፎገራ እኛ ካልጻፍን የሌላውን አገር ጎሽ ያመጡልናል። ጻፉ! አባቶች ሳያልፉ ጻፉ!

ባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድምዓለም፣ እታለም፣ ለእህትና ወንድሞቻችሁ ስልክ ስትልኩ መጽሐፍም ላኩ። ስትደውሉ «ደኅና ናችሁ ወይ» ካላችሁ በኋላ «ምን አነበባችሁ?» በሉ።

ነጋዴው፣ መጀመሪያ በቃልህ አስላ፤ ከዚያ በስልክህ አረጋግጥ፤ ልጅህ አጠገብህ ካለ እሱን አስቀድመው። ቀሳውስት፣ ኢማሞች፣ የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ሰው በተሰበሰበበት ይህን ቃል አንሡ። ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ወሬ ሲደርሰው ከማስተላለፉ በፊት ይቁም። ቦታው ላይ ወዳለ ሰው ይደውል፤ ካላረጋገጠ እሱ ጋ ይቅር።

ሁሉንም በአንድ ቀን አድርጉ አላልኩም። ከአንዱ ጀምሩ፤ ግን ዛሬ ጀምሩ። ጎረቤታችሁን ጥሩና አብራችሁ ጀምሩ።

ያ ተማሪዬ ጽሑፉን እንደገና ጻፈው። በእጁ፣ በገዛ ቃሉ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። የእናቱ ቁጣ አለበት፣ ሩዝ የሚመስለው ሣር አለበት፣ ሊታጨድ የደረሰ ሩዝ ውስጥ የሚበተነው ጓያ አለበት። ክፍሉ ፊት ሲያነበው ድምፁ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በኋላ ጸና። ጎሹ ጠፍቶ በሬዎቹ ተመልሰዋል።

የእናንተም ልጅ እንዲህ ያለ ሁለት ገጽ ውስጡ አለው። ዛሬ ማታ ስልኮቹ ሰፌድ ላይ ሲሆኑ ፊት ለፊት ተቀመጡና «አንተስ ምን ትላለህ?» በሉት። ዝም ቢል ጠብቁት።